አዲስ ጸሐፊ ከዊኪፔዲያ ለምን ይሸሻል?

የአማርኛ ዊኪፔዲያ ጉዳይ ስለሚያንገበግበኝ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝን ሁሉ አነባለሁ። «ክፍያ ስለሌለው ነው ሰው የማይቆየው» የምትሉ በዝታችኋል። ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም።

የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በ2001 እ.ኤ.አ. ያለ ክፍያ ተጀምሮ እስከ 2007 ድረስ ንቁ ጸሐፊዎቹ በፍጥነት በዙ፤ ከዚያ መቀነስ ጀመሩ። የተለወጠው ክፍያው ሳይሆን አቀባበሉ ነው። በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አጥፊዎችን ለመከላከል የተሠሩት መሣሪያዎችና እየጠበቁ የሄዱት ደንቦች በቅን ልቦና የመጡ ጀማሪዎችንም አባረሩ። የመጀመሪያ ሥራው ያለ ማብራሪያ የተሰረዘበት ሰው ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይመጣም።

ታዲያ ምን ያቆያል?

1. ምስጋና። በጀርመንኛው ዊኪፔዲያ 4,000 ያህል ጀማሪዎች በተካተቱበት ሙከራ፣ የክብር ምልክት ብቻ ከተሰጣቸው መካከል የቀጠሉት ካልተሰጣቸው በ20 በመቶ ገደማ በልጠዋል። ሳንቲም አልተከፈለም!

2. የሚመልስ ሰው። እንግሊዝኛው በ2012 «ሻይ ቤት» የተባለ የጀማሪዎች መጠየቂያ የከፈተው ለዚህ ነው።

እኛ ጥቂት ነን፤ ስለዚህ ነባሮች፣ እባካችሁ ከመሰረዝ በፊት አርሙ፣ ከሰረዛችሁም ምክንያቱን ጻፉ። የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጥቶ መበተንም በእኔ እምነት ከንቱ ድካም ነው።

የተሰረዘባችሁ ጽሑፍ ካለ ከታች አስቀምጡልኝ፤ አብረን እናየዋለን።