የወሊማው ድስት የት ያድራል?

ሰርግ ሲቃረብ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ መኪናውና ስለ ልብሱ ብዙ ይወራል። ድስቱ የት እንደሚያድር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በአራዳና በፒያሳ ጠባብ ግቢዎች አንድ ፍሪጅ ይዞ ለ200 ሰው መደገስ ቀላል አይደለም።

በዋዜማው የተሠራ ወጥ በትልቅ ድስት ተከድኖ ሲያድር መሃሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም። አንዳንድ ተሕዋስያን በጠንካራ ሽፋን ተጠብቀው ከእሳቱ ይተርፋሉ፤ ወጡ ለብ ሲል ይራባሉ። ሩዙ ደግሞ ይብሳል። አንዴ መርዝ ከተፈጠረበት ዳግም ማሞቅ አያድነውም። ተቅማጡና ትውከቱ ከሁሉ ይልቅ ሕፃናትን፣ አዛውንቶችንና ነፍሰ ጡሮችን ይጎዳል።

ስለዚህ ሽንኩርት መክተፉና ቅመም ማዘጋጀቱ በዋዜማው ይለቅ፤ የታረደው ሥጋ በፍሪጅ ይደር፤ ማብሰሉ ሌሊት 10 ሰዓት ይጀመር። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሥጋው ጊዜ ይፈልጋልና አይቸኩሉ። ኒካሁ ፒያሳ ኑር (በኒ) መስጂድ ታስሮ አጀቡ ከተማውን ዞሮ እስኪመለስ (መዘግየቱ መቼም አይቀርም!) ወጡ ከምድጃ አይውረድ። ሩዙን በየተራ ቢያበስሉ ይሻላል። ተቅማጥ የያዛት ወጥ ሠሪ ምግብ አትንካ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአብዱራህማን ኢብን አውፍ በአንድ በግም ቢሆን ወሊማ እንዲደግሱ ነግረዋቸዋል። ግቢው የማይችለውን ማብዛት ግዴታ አይደለም።

ለጎረቤት ትርፍ የሚልኩ ከሆነ ገና ትኩስ ሳለ ይላኩ። ከእሳት ከወረደ 2 ሰዓት ያለፈውን ሩዝ ግን ለማንም አይስጡ።