ወላጁ የጠፋበት ሕፃን ሁሉ የቲም አይደለም
ስደተኞችን ከድንበር ወደ መጠለያ ጣቢያ ማዛወርና የሕፃናት አደራ



እንደሚታወቀው በጎረቤታችን በሱዳን፣ በሀገሪቱ ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት የተቀሰቀሰው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023) ነው። ዕለቱ በ1444ኛው ዓመተ ሂጅራ የረመዷን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ውስጥ ነበር። ለዒድ ይዘጋጁ የነበሩ የካርቱም ቤተሰቦች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ወደ ሀገራችን ከተሰደዱት ከፊሎቹ በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል፣ ከፊሎቹ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ከለጋሾቻችን ዘንድ ደጋግሞ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። «ወላጆቻቸው የጠፉባቸውን ሕፃናት ለምን በየቲምነት መዝግባችሁ ለአሳዳጊ አትሰጡም?» የሚል ነው። ጥያቄው ከእዝነት የመነጨ መሆኑን እንረዳለን። መልሱን ለማግኘት ግን በቅድሚያ ስደተኞች ከድንበር ወደ መጠለያ እንዴት እንደሚዛወሩና ሕፃናት በዚህ መካከል ምን እንደሚገጥማቸው ማወቅ ያስፈልጋል።

ስደተኞች ከድንበር እንዲርቁ የሚደረገው ለምንድን ነው?

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 ያጸደቀው የስደተኞች ስምምነት፣ ተቀባይ ሀገሮች ለጸጥታ ሲባል በተቻለ መጠን ስደተኞችን ከመጡበት ሀገር ድንበር ራቅ አድርገው እንዲያሰፍሩ ይደነግጋል። ድንበር ላይ የሚቀር ሰፈር ለተኩስና ለታጣቂዎች ሰርጎ መግባት የተጋለጠ ነው፤ ሕፃናትም ለውትድርና ሊመለመሉ ይችላሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ጤና ነው። የድንበር መቀበያ ጣቢያ ለአጭር ቆይታ እንጂ ለወራት ኑሮ የተሠራ አይደለም። በዕርዳታ ሥራ ተቀባይነት ባገኘው መለኪያ መሠረት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ሊቀርብ ይገባል። ሰው በተጨናነቀበት ጣቢያ ይህን ማሟላት አዳጋች ሲሆን ኮሌራና ኩፍኝም በቀላሉ ይዛመታሉ።

በመተማ በኩል ከገቡት ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ሰፍረው ነበር። በአካባቢው በተከሰተው የጸጥታ ችግር ሳቢያ ሁለቱም ጣቢያዎች በ2024 ተዘግተው ነዋሪዎቹን በዚያው ክልል ወደተዘጋጀ ሌላ ጣቢያ የማዛወር ሥራ ተከናውኗል። በኩርሙክ የገቡትንም በዚያው ዓመት ኡራ ወደተባለው ጣቢያ መውሰድ ተጀምሯል። ከዚህ እንደምንረዳው አንድ ሕፃን ከቤቱ ከወጣ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊዛወር ይችላል።

ዝውውሩ እንዴት ይከናወናል?

መጀመሪያ ምዝገባ ይደረጋል። የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር በመሆን የእያንዳንዱን ቤተሰብ አባላት ስም፣ ዕድሜና ዝምድና ይመዘግባል። ቀጥሎ የጤና ምርመራና ክትባት ይሰጣል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናት ክንዳቸው በመለኪያ ጥብጣብ ይለካል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ በመሆኑ ሕክምና ያስፈልገዋል። ከዚያም ተጓዦች በየቤተሰባቸው በስም ዝርዝር ተይዘው በአውቶቡስ ይሳፈራሉ። ሲደርሱ ስማቸው ዳግም ተጠርቶ ምግብ፣ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ፣ ጀሪካን፣ የማብሰያ ዕቃና የመጠለያ ቦታ ይሰጣቸዋል።

አደጋው ያለው በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ነው። አያት ታመው በሕክምና ጣቢያ ሲቀሩ የልጅ ልጃቸው ከጎረቤት ጋር ይሳፈራል። በጎረቤት ካርድ ላይ የተመዘገበ ልጅም ከጊዜ በኋላ የዚያ ቤት ልጅ ተደርጎ ይቆጠራል። በዐረብኛ የተነገረ ስም በሌላ ፊደል ሲጻፍ መልኩ ይለወጣል፤ ሙሐመድ አሕመድ የሚባሉትም እጅግ ብዙ ናቸው። ስለዚህ የእናት ስም፣ የአያት ስምና የትውልድ ሰፈር አብረው ካልተመዘገቡ አባት ልጁን ፈልጎ ቢመጣ እንኳ ላያገኘው ይችላል።

የቲም ማን ነው?

በሸሪዓ የቲም የሚባለው አባቱ የሞተበትና ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ነው። በስደት ላይ ግን ሌሎች ሁለት ዓይነት ሕፃናት ይገኛሉ። አንደኛው ከወላጆቹ ተለይቶ ከአክስት፣ ከአጎት ወይም ከሌላ ዘመድ ጋር የሚኖር ነው። ሁለተኛው ዘመድም ሆነ ኃላፊነት የሚወስድለት አዋቂ አብሮት የሌለ ነው። የሁለቱም አባቶች በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ።

ከሲራ ሁለት ሕፃናትን እናስታውስ። ዘይድ ኢብኑ ሐሪሳ (ረ.ዐ) በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ሳለ በወራሪዎች ተማርኮ ለባርነት ተሸጠ። አባቱ በሕይወት ነበር፤ ሲፈልገው ኖሮ መካ ድረስ መጥቶ አገኘው። ዘይድ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር መኖርን በመምረጡ «ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ» ይባል ነበር። በሱረቱል አሕዛብ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ሲደነገግ ግን የሐሪሳ ልጅነቱ ተመለሰለት። ሁለተኛው ዐብደላህ ኢብኑ ጃዕፈር (ረ.ዐ) ነው። ወላጆቹ በስደት ሳሉ እዚሁ በሐበሻ ምድር ተወለደ። አባቱ ጃዕፈር (ረ.ዐ) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ሲሰዋ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጆቹን ተንከባከቧቸው፤ እርሱም እስከ ዕለተ ሞቱ የጃዕፈር ልጅ ተብሎ ኖረ። አንዱ የጠፋ ልጅ፣ ሌላው የቲም ነበሩ፤ የሁለቱም የአባት ስም ግን ተጠብቋል።

እንግዲህ አባቱ መሞቱ ሳይረጋገጥ ሕፃኑን በየቲምነት መመዝገብ ፍለጋውን እንደ ማቆም ነው። የሞተ የተባለን አባት የሚፈልግ የለምና።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ሕፃኑን ከያዘው ዘመድ ከመለየት ይልቅ ዘመዱን መደገፍ ይቀድማል። የእህቷን ልጆች ይዛ የተሰደደች አክስት ምግብና ልብስ ቢሟላላት ልጆቹ ከእጇ አይወጡም።

ሁለተኛ፣ ፍለጋው ጊዜ ይሰጠው። የቀይ መስቀል ማኅበራት በስልክና በመልእክት የተለያዩ ቤተሰቦችን ያገናኛሉ። በስደተኞች ጉዳይ በሚሠራበት መመሪያም ጉዲፈቻ የቤተሰብ ፍለጋው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይቀጥል አይታሰብም።

ሦስተኛ፣ ዕርዳታ ለማግኘት የግድ የቲም መሆን አያስፈልግም። ድኾችም መንገደኞችም (ኢብኑ ሰቢል) ከስምንቱ የዘካ ባለመብቶች መካከል ናቸው። የቲምነቱ የተረጋገጠው በከፋላ፣ ያልተረጋገጠው በሰደቃ ወይም ዑለማኦችን በመጠየቅ በዘካ ሊረዳ ይችላል።

አራተኛ፣ ስደተኛ ሕፃን ያስጠጋችሁ ቤተሰቦች የልጁን ሙሉ ስም፣ የእናቱንና የአያቱን ስም፣ የመጣበትንም ሰፈር ጽፋችሁ ያዙ፤ ለሚመለከተውም የስደተኞች ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ይህ ወጪ የማይጠይቅ ትልቅ አደራ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የተለያዩትን ያገናኝልን፤ የቲሞችን የምንንከባከብ፣ የጠፉትንም ስም የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።