በአንድ ጣሪያ ሥር እንቅልፍ ያጡ ሁለት እናቶች

በዚህ ወር በየቤታችን እያለ አፍ አውጥተን የማንነጋገርበትን ጉዳይ ይዘን ቀርበናል።

እስቲ በሐሳብ ወደ ተፍኪ እንጓዝ። ሰበታን አልፎ በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው በዚህች ከተማ፣ ክረምት ገብቶ ሜዳው ውኃ ሲተኛበት፣ አንዲት ወጣት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች እንበል። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እናቷ ሊያርሷት መጥተዋል። ገንፎው ቀርቧል፤ ጎረቤቱም «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» ብሎ ሄዷል። ሌሊት ግን ሁለቱም አይተኙም። ልጅቱ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፤ ልብሷ በላብ ይርሳል። እናትየውን ደግሞ ድንገተኛ ሙቀት ከደረታቸው ተነስቶ ፊታቸውን ያቃጥላቸዋል፤ ጋቢያቸውን ገፍተው ይቀመጣሉ። ሲነጋ ልጅቱ «ጂን ነክቷታል»፣ እናትየው «ጠባያቸው ተለወጠ» ይባላሉ። የሁለቱም ላብና የእንቅልፍ እጦት ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ምንጭ የሚመጣ ነው፤ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ከመቀነሱ።

ሆርሞን ከዕጢዎች ወጥቶ በደም የሚዘዋወር፣ የሰውነትንም ሥራ የሚያዝ ንጥረ ነገር ነው። በእርግዝና ወቅት ኤስትሮጅንንና ፕሮጄስትሮንን በብዛት የሚያመነጨው እንግዴ ልጁ ነው። እርሱ ሲወጣ ሁለቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ። በምትኩ ፕሮላክቲን ወተት እንዲመረት፣ ኦክሲቶሲን ደግሞ ወተቱ እንዲወርድና ማኅፀን እንዲኮማተር ያደርጋሉ። በምታጠባ እናት ኤስትሮጅን ዝቅ ብሎ ስለሚቆይ የወር አበባዋ ሊዘገይ፣ ብልቷም ሊደርቅ ይችላል። ባል ይህን ጠላችኝ ብሎ እንዳይተረጉመው አደራ እንላለን።

በእናትየው ላይ የደረሰው ማረጥ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ እንቁላል የሚያመነጩት ዕጢዎች ሥራቸውን ቀስ በቀስ ያቆማሉ። የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ካልታየ ሴቲቱ አርጣለች ይባላል። በልጅቱ ላይ በቀናት የወረደው በእናትየው ላይ በዓመታት ይወርዳል። ኤስትሮጅን አጥንትን ይጠብቅ ስለነበር ከማረጥ በኋላ አጥንት ይሳሳል፤ ስለዚህ ወተት፣ አትክልትና የእግር ጉዞ ይጠቅማሉ። ሙቀቱ ዕረፍት ለሚነሳቸውም ሐኪም መርምሮ የሚያዘው መድኃኒት አለ። ካረጡ በኋላ ደም ቢታይ ግን «ወር አበባዬ ተመለሰ» ብሎ መተው አይገባም፤ የማኅፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ መመርመር ያስፈልጋል።

ወደ አራሷ እንመለስ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ገደማ የሚመጣው ልቅሶ ብዙ እናቶችን ያገኛል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ያልፋል። ከዚያ ከቀጠለ፣ ምግብ ካስጠላት፣ ልጇም ባዳ ከሆነባት፣ ድብርት ሊሆን ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከወለዱ እናቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ድብርት ያገኛቸዋል፤ በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። መንስኤው ሆርሞን ብቻ አይደለም፤ ችግር፣ የባልና ሚስት ጠብና ብቸኝነት ያባብሱታል። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት፣ ወይም የሌለ ድምፅ ከሰማች፣ አንድ ሌሊት እንኳ ሳይታደር ወደ ሐኪም መወሰድ አለባት።

በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው ከወሊድ በኋላም ጭምር ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። ጥናቱ እንዳመለከተው የአራስነት ወግ እናቲቱን ከጭንቀት ሊጠብቅ ይችላል፤ በወጉ እያመነች መፈጸም ያልቻለችው ግን ይበልጥ ትጎዳለች። እንግዲህ ገንፎው፣ ዕረፍቱና የዘመድ መሰብሰቡ ተራ ልማድ አይደለም ማለት ነው።

ሸሪዓም አራስን በኒፋስ ጊዜዋ ከሶላትና ከጾም አሳርፏታል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት የሚሰማትን ሐዘን የኢማን ድክመት አድርገን አንውቀሳት። ዱዓ ማድረግ ሕክምናን አይከለክልም፤ ሕክምናም ዱዓን አያስቀርም።

ስለዚህ ባሎች ሆይ፣ ሌሊት ሕፃኑን ተቀብላችሁ አራሷን አስተኟት። ከሁለት ሳምንት በኋላም ካለቀሰች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሩ፤ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። እናቶችም ሌሊት ስለሚያቃጥላቸው ነገር ለልጆቻቸው ይንገሩ። ያኔ ልጅቱ «እማ፣ አንቺም ያልብሻል እንዴ?» ትላለች፤ ብቻዋን አለመሆኗንም ታውቃለች።

አላህ እናቶቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።