ከጉና በላይ የሚያልፈው ኢንተርኔት ለነጋዴው ምን ያዋጣዋል?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወሳል። በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ገንዘቡን በባንክ አፕሊኬሽን ማንቀሳቀስ የለመደ ነጋዴ ሥራው ምን ያህል በአንድ መስመር ላይ እንደተንጠለጠለ አይቷል። «ሳተላይት ይህን ችግር ይፈታዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄም ከዚህ ይነሳል።

ሳተላይት ለደቡብ ጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በፕላዝማ የተከታተሉት ትምህርት የወረደው ከሳተላይት ነበር። ሆኖም ያ ዓይነቱ ሳተላይት የሚቆመው 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በመሆኑ ጥያቄ ልኮ መልስ ለመቀበል ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ስታርሊንክን የመሳሰሉት አዲሶቹ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሚበሩ መዘግየቱ እጅግ አነስተኛ ነው። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሆነው ጉና የምድር አንቴናን ይጋርድ ይሆናል፤ ሰማዩ ገላጣ ለሆነለት ሳህን ግን እንቅፋት አይሆንም።

ዝቅ ብሎ መብረር ግን ዋጋ አለው። አንዱ ሳተላይት የሚሸፍነው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሺዎች ያስፈልጋሉ፤ ዕድሜያቸውም 5 ዓመት ገደማ ነው። ኢሪዲየም እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ ጀምሮ በዓመቱ ከስሯል። ቢል ጌትስ ገንዘብ ያፈሰሱበት ቴሌዴሲክ በ2002 ቆመ፤ ዋንዌብም በ2020 ኪሳራ አውጆ ነበር። ሒሳቡን የለወጠው ተመልሶ የሚያርፍ ሮኬት ነው።

አሁን ሳተላይቱ ባዶ ወንበር ይዞ እንደሚጓዝ አውቶቡስ ነው። ደንበኛ ኖረም አልኖረም በፋርታና በጋይንት ሰማይ ላይ ማለፉ አይቀርም። በተቃራኒው ከተማ ላይ ወንበሩ ይሞላል፤ ስታርሊንክ በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከገባ በኋላ በኅዳር 2024 በናይሮቢ አዲስ ደንበኛ መቀበል አቁሞ ነበር። ስለሆነም የዚህ ቴክኖሎጂ ትክክለኛ ገበያ ደንበኛው የተበታተነበት ደጋ ነው።

ታዲያ ለምን አልገባም? አገልግሎቱ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ስታርሊንክ እስከ 2025 አጋማሽ ድረስ ይህን ፈቃድ አላገኘም። ኩባንያው የደንበኛውን ሳህን ከሩቅ ማጥፋት ስለሚችል፣ ሳተላይት ከመንግሥት ውሳኔ ያመልጣል ብሎ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም።

ሌላው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የተነሳው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ሳህኑም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ከዚህ ላይ ወርሃዊ ክፍያውና መብራት ሲጠፋ የሚያስፈልገው ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ይደመራሉ።

በእኛ ግምት ፈቃዱ ቢገኝ ቀድሞ የሚገዛው ግለሰቡ አይሆንም። መስመር በተቋረጠ ቁጥር ሥራ የሚያቆም የባንክ ቅርንጫፍ፣ የጅምላ አከፋፋይ፣ ወይም ፋይበር ላልደረሰው የሞባይል ማማ መስመር የሚፈልግ የቴሌኮም ድርጅት ይቀድማል። ችርቻሮ ነጋዴውም የሚጠቀመው በእነርሱ በኩል ነው። ስለዚህ ባለሀብቱ «ሳህኑ ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «አንድ ቀን መስመር ሲቋረጥብኝ ስንት ብር አጣለሁ?» ብሎ ቢያሰላ ይበጀዋል።