«ክብደት»ና «መጠነ ቁስ» በፈለኮች ስሌት

«ክብደት» በዕለት ተዕለት አነጋገራችን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን በአንድነት ተሸክሞ የሚኖር ቃል ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ስንል የጤፉን ብዛትም፣ ተሸካሚውን የሚጫነውን ኃይልም ማለታችን ነው። በገበያ ይህ አንዳች ጉዳት አያመጣም፤ ገዥም ሻጭም የቆሙት በአንዲት መሬት ላይ ነውና። ችግሩ የሚገለጠው ስሌቱ ከመሬት ሲወጣ ነው። «100 ኪሎ ግራም ጤፍ በጨረቃ ላይ 16 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል» ተብሎ የተጻፈለት ተማሪ፣ 84ቱ ኪሎ የት እንደ ፈሰሰ ቢጠይቅ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የቃሉ ነው።

ስለዚህ የቁሱን ብዛት «መጠነ ቁስ»፣ ቁሱ የሚሳብበትን ኃይል «ክብደት» ብለን እንለያለን። የፊተኛው በኪሎ ግራም፣ የኋለኛው በኒውተን ይለካል። ጭንቀቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ጉባኤም ክብደት የኃይል ወገን መሆኑን የደነገገው በ1901 እ.ኤ.አ. ነው። በመጠነ ቁስ ፈንታ «ግዝፈት» የሚሉ አሉ። ሆኖም «ግዙፍ» ሲባል ቀድሞ ወደ አሳብ የሚመጣው የአካል ትልቅነት ስለ ሆነ፣ ጥጥ የሞላው ከረጢት ከብረት አሎሎ ይበልጣል ወደ ማለት እንዳያደርሰን እንሠጋለን።

ስሌቱ አጭር ነው፤ መጠነ ቁስ በቦታው የስበት ፍጥንጥነት ይባዛል። ይህም በሜትር በሴኮንድ ካሬ ሲለካ በመሬት 9.8፣ በማርስ 3.7፣ በጨረቃ 1.6 ያህል ነው። እንግዲህ ያው ኩንታል በመሬት 980፣ በማርስ 370፣ በጨረቃ 160 ኒውተን ይከብዳል፤ መጠነ ቁሱ ግን በሁሉም ዘንድ 100 ኪሎ ግራም ነው።

የፈለኩ መጠነ ቁስ በበዛ ቁጥር ክብደቱም በዚያው ልክ ያድጋል ብሎ መገመት ግን ስሕተት ነው። የጁፒተር መጠነ ቁስ ከመሬት 318 ዕጥፍ ቢሆንም፣ ሬዲየሱ 11.2 ዕጥፍ ነው። ስበት በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚቀንስ 318ን ለ125 እናካፍላለን፤ የሚገኘው 2.5 ብቻ ነው። (የሚረገጥ ጠጣር ገጽ ስለሌላት ይህ የሚታሰበው በደመናዋ አናት ላይ ነው።)

«ሚዛን» የሚለውም ቃል ያው ጣጣ አለበት። ባለ ሁለት ሰሃኑ ሚዛን በጨረቃም ያንኑ 100 ኪሎ ግራም ያሳያል፤ ጤፉና የሚዛኑ ድንጋይ እኩል ይቀላሉና። በመሬት የተከፋፈለው ባለ ሞላ ሚዛን ግን ቀስቱ 16 አካባቢ ይቆማል። ስለዚህ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች «ሚዛን» ብለው ሲጽፉ የትኛው እንደ ሆነ አብረው እንዲገልጡ እንጠይቃለን።