ላንጋኖ ላይ የተጋለጠው ውሸቴ

እናንተዬ፣ ፍቅር ስንቱን ያስዋሻል! «ዋና እችላለሁ» ብያት ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ በሞጆና በዝዋይ (በዛሬዋ ባቱ) አድርገን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን ላንጋኖ ገባን። ውሃው ቡናማ ነው፤ ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ወጣቱ አይፈራውም። ችግሩ ውስጡ አይታይም! እኔ ሆዬ ጀነን ብዬ ገባሁ... ጥቂት እንደተራመድኩ እግሬ መሬት አጣ። ጎትታ ያወጣችኝ እሷ ናት! ለካ ዋናተኛዋ እሷ ኖራለች። (ዋና የማትችሉ፣ ከጉልበታችሁ አትለፉ!)

ሻሸመኔን አልፈን ሐዋሳ እስክንገባ ትንፍሽ አላለችም። በማግስቱ ጠዋት አሞራ ገደል ሄድን። አባ ኮዳዎቹ ከአሣ አጥማጆቹ እግር ስር ሲሻሙ እያየን ትኩስ የአሣ ሾርባ ቀረበልን። ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣

«ሌላስ የዋሸኸኝ ምን አለ?» አለችኝ።

መኪናው የጓደኛዬ መሆኑን ያኔ ነገርኳት።