ግቢያችሁ ውስጥ የአስቤስቶስ ስብርባሪ ካለ መጥረጊያ እንዳታነሱ!

ሰሞኑን አንዲት እህት በውስጥ መስመር ፎቶ ላከችልኝ። የድሮውን ሰርቪስ ቤት ሲያፈርሱ የጣሪያው ግራጫ ስብርባሪ ከግቢው አፈር ጋር ተደባልቋል። "ዶክተር፣ ልጆቼ እዚያ ነው የሚጫወቱት። ጠርጌ ላቃጥለው?" አለችኝ።

"እህቴ፣ እባክሽ መጥረጊያውን አስቀምጪው!" አልኳት።

ለምን? በድሮ ቤቶች ላይ ያለው ግራጫ የሲሚንቶ ጣሪያ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። በዓይን አይለይም፤ የሚያረጋግጠው ላብራቶሪ ነው። እስኪረጋገጥ እንዳለበት ቁጠሩት። ሲሰበር፣ ሲረገጥና በደረቁ ሲጠረግ የማይታዩ ክሮች ከአቧራው ጋር ይነሳሉ። ሳንባ ውስጥ ገብተው የሚቀሩት የሳንባ ጠባሳ፣ የሳንባ ካንሰር እና ሜዞቴሊዮማ የሚባል የሳንባ ሽፋን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። የሚያዘናጋንም ይሄው ነው፤ ዛሬ አያስልም፣ አያምም።

"አፈር ምን ያደርጋል?" እንዳትሉ። አሜሪካ ሞንታና ውስጥ ሊቢ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አስቤስቶስ ያለበት የማዕድን ውጤት በየጓሮው አፈር ገብቶ ነበር። ማዕድን ማውጫው በ1990 ቢዘጋም በ2009 እ.ኤ.አ. የጤና አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። የብዙ ግቢዎች አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ በንጹህ አፈር ተተካ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ልጆችን ከቦታው አርቁ።
2. በደረቁ አትጥረጉ፣ አታቃጥሉ፣ በቤት ቫኪዩም አትሳቡ።
3. ውሃ ቀስ አድርጋችሁ አርከፍክፉ፤ በኃይለኛ ጎማ አይሆንም። ከዚያ በፕላስቲክ ሸራ ሸፍኑት፣ ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት።
4. አፈሩን ራሳችሁ አትቆፍሩ፣ አታንፉ። ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ጽ/ቤት ጠይቁ፤ ከተራ ቆሻሻ ጋርም አትጣሉት።
5. የኮሮና ጊዜው ሰማያዊ ማስክ ከዚህ አቧራ አይከላከልም። እሱን አድርጋችሁ እንዳትገቡ።
6. አቧራ የነካውን ልብስ ሳታራግፉ ውጭ አውልቁ፤ ገላችሁን ታጠቡ።

"ዶክተር፣ እኔ እኮ ጠርጌዋለሁ!" የምትሉ አትደንግጡ። አንድ ቀን መጥረግ ካንሰር ይይዛል ማለት አይደለም፤ አደጋው በመጠኑና በድግግሞሹ ይጨምራል። ዛሬ ኤክስሬይ ብትነሱ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ግን ለሐኪማችሁ ነግራችሁ ካርዳችሁ ላይ አስጽፉ። የምታጨሱ ደግሞ አቁሙ፤ ሲጋራና አስቤስቶስ ሲደመሩ የሳንባ ካንሰር አደጋው በጣም ይጨምራል።

እህታችን አሁን ሸራውን አልብሳዋለች፤ ልጆቹም ሌላ ቦታ ይጫወታሉ። ቤት እያፈረሰ ወይም እያደሰ ላለ ሰው ሼር አድርጉለት።